ቪዛ ማግኘት ሥራ ማግኘት አይደለም

በአገራችን ስለ ውጭ አገር ጉዞ ሲወራ አንድ የተለመደ የቃላት መምታታት አለ፡፡ "እገሌ ካናዳ ሥራ አግኝቶ ሄደ" ይባላል፤ ሲጣራ ያገኘው የመኖሪያ ፈቃድ ነው፡፡ "እገሊት በነርስነት ጀርመን ገባች" ይባላል፤ ሲጣራ የገባችው በቅድሚያ ቋንቋ ልትማር ነው፡፡ ቪዛ፣ የሙያ ፈቃድና ሥራ የሚባሉት ሦስት ነገሮች በአንድ ከረጢት ውስጥ ገብተው "ፕሮሰስ" የሚል አንድ ስም ተሰጥቷቸዋል፡፡ በሕግ ትምህርት ያለፈ ሰው የቃላት መምታታት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃል፡፡ በዚህ ጉዳይ የሚከፈለው ደግሞ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቤት፣ ትዳርና ዕድሜ ጭምር ነው፡፡

እኔ የምኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው፡፡ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ ሲኬድ በየኮፒ ቤቱና በየቋንቋ ማስተማሪያው በር ላይ የካናዳ፣ የጀርመን፣ የፖላንድ ማስታወቂያ ይነበባል፡፡ በሰፈራችን የአለርት ሆስፒታል የጤና ባለሙያዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶች ይኖራሉ፡፡ ሕግ የተማረ ሰው ሁሉንም ወረቀት ያነባል ተብሎ ስለሚታመን "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ወረቀት ይዩልኝ" የሚለኝ ጎረቤት በየሳምንቱ አላጣም፡፡ ለእያንዳንዳቸው የምናገረውን በአንድ ላይ አድርጌ ብጽፈው ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ፡፡

መሄድ መብት ነው

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፡፡ የማንንም ጉዞ ለማስቀረት አልጽፍም፡፡ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል፡፡ ምክንያቱም ሞልቷል፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፡፡ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ባለሙያ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ፡፡ ጭማሪው ትልቅ ነው፤ በባንክ ምንዛሪ ሲመታ ግን መቶ ዶላር አይሞላም፡፡ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎችን ሥራ እስከማቆም ያደረሳቸው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የኢኮኖሚ ምሁር መሆን አያስፈልግም፡፡

ስለዚህ "ለምን ትሄዳለህ?" ብሎ አንድን ጎልማሳ መጠየቅ ፋይዳ የለውም፡፡ የሚጠቅመው ጥያቄ "እዚያ ስትደርስ በሕግ ፊት ማን ነህ? በማን ፈቃድ፣ ምን ሠርተህ ትኖራለህ?" የሚለው ነው፡፡

ሦስት በሮች፣ ሦስት ቁልፎች

በሠለጠነ ሙያ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው የሚያልፋቸው በሮች ሦስት ናቸው፡፡ የመጀመሪያው የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ቁልፉ በዚያ አገር መንግሥት እጅ ይገኛል፡፡ ሁለተኛው ሙያውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ፈቃድ ነው፤ ቁልፉ በሙያ ማኅበራትና በተቆጣጣሪ አካላት እጅ ነው፡፡ ሦስተኛው ሥራው ራሱ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ቀጣሪው ነው፡፡ የአንዱ ውሳኔ ሌላውን አያስገድድም፡፡ የካናዳ መንግሥት "ሐኪም ነህና ና" ብሎ ነዋሪ ያደረገውን ሰው የክፍለ ግዛቱ የሐኪሞች ተቆጣጣሪ አካል "እዚህ ሐኪም አይደለህም" ሊለው ይችላል፡፡ ሁለቱም በሕግ ፊት ትክክል ናቸው፡፡

ይህ በባዕዳን ክፋት የመጣ ነገር አይደለም፡፡ የእኛም ሕግ እንደዚሁ ነው፡፡ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ ተቀጥሮ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፡፡ ፈቃዱ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት ይሰጣል፤ በየዓመቱም ይታደሳል፡፡ ቦሌ ላይ ፓስፖርቱ ስለተመታለት ብቻ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ገብቶ በሽተኛ የሚያክም የውጭ ዜጋ የለም፡፡ ለእነሱ ያልፈቀድነውን ከእነሱ ስንጠብቅ ነው ስሌታችን የሚበላሸው፡፡

የመጀመሪያው በር ዛሬ ምን ይመስላል?

ካናዳ ነጥብ እየቆጠረች ሰው መምረጥ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፡፡ ከጥር 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ "ኤክስፕረስ ኤንትሪ" በተባለው ሥርዓት በኢንተርኔት ትቀበላለች፡፡ "ፌዴራል ስኪልድ ወርከር" በተባለው ዘርፍ ለመግባት ከመቶ 67 ነጥብ ያስፈልጋል፡፡ ከዚህ ውስጥ ለቋንቋ እስከ 28፣ ለትምህርት 25፣ ለሥራ ልምድ 15፣ ለዕድሜ 12፣ ለተረጋገጠ ሥራ 10፣ አገሩን ለመላመድ ለሚረዱ ነገሮች 10 ይሰጣል፡፡ የዕድሜው 12 ነጥብ ከ35 ዓመት በኋላ በየዓመቱ አንድ አንድ እየቀነሰ 47 ሲሞላ ዜሮ ይሆናል፤ እንደ እኔ ያለውን ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ካናዳ ከወዲሁ አሰናብታዋለች ማለት ነው፡፡

ይሁን እንጂ 67 ማግኘት ወረፋ ለመያዝ እንጂ ለመጠራት አይበቃም፡፡ ወረፋ የያዙት ከ1,200 በሚታሰብ ሌላ ነጥብ ይወዳደራሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024 በሙያ ሳይለይ በተካሄደው ጥሪ መቁረጫው ከ500 በላይ ነበር፡፡ ከ2023 ወዲህ ለጤና፣ ለግንባታ ሙያና ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የተለየ ጥሪ ስለሚደረግ፣ ነርስና ሒሳብ ሠራተኛ እኩል ነጥብ ይዘው እኩል ዕድል የላቸውም፡፡ ለቀጣሪ ደብዳቤ ይሰጥ የነበረው 50 ወይም 200 ተጨማሪ የውድድር ነጥብም በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ተሰርዟል፡፡ ዛሬም "የሥራ ደብዳቤ እናመጣልሃለን፣ 200 ነጥብ ታገኝበታለህ" የሚል ደላላ ካለ የሚሸጠው የሌለ ዕቃ ነው፡፡ ካናዳ ለ2025 አቅዳው የነበረውን 500 ሺህ የቋሚ ነዋሪ ቁጥርም ወደ 395 ሺህ ዝቅ አድርጋዋለች፤ ለ2026 የያዘችው 380 ሺህ ነው፡፡

ጀርመን ከሰኔ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ቻንሰንካርተ" የሚባል የሥራ መፈለጊያ ካርድ ትሰጣለች፡፡ ቢያንስ 6 ነጥብ ያገኘ፣ በአገሩ መንግሥት የታወቀ ዲግሪ ወይም የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና ያለው፣ መጠነኛ ጀርመንኛ ወይም ጥሩ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው እስከ አንድ ዓመት ገብቶ ሥራ እንዲፈልግ ይፈቀድለታል፡፡ በዚያ ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ይችላል፡፡ መተዳደሪያም ማሳየት አለበት፤ በ2025 የተጠየቀው በወር 1,091 ዩሮ ነበር፡፡ የካርዱ ስም ራሱ እንደሚነግረን የሚሰጠው ዕድል እንጂ ሥራ አይደለም፡፡

እንግሊዝ በሩን አጥብባለች፡፡ ከሐምሌ 22 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ለመግባት ሥራው በአብዛኛው የዲግሪ ደረጃ እንዲሆን፣ መደበኛው የደመወዝ ወለልም በዓመት 41,700 ፓውንድ እንዲሆን ተደርጓል፡፡ ለአረጋውያን ተንከባካቢነት ከውጭ አዲስ ሰው መቅጠርም በዚሁ ቀን ተዘግቷል፡፡ ስለዚህ "ኬር ወርከር እንግሊዝ" የሚለው ማስታወቂያ ጊዜው አልፎበታል፡፡

አሜሪካን በተመለከተ ሕዝባችን ለሠላሳ ዓመታት የለመደው ዲቪ በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. እንዲቆም በአገሪቱ መንግሥት ተወስኗል፡፡ በመስከረም 2025 ደግሞ አንድ ኩባንያ አዲስ ባለሙያ ከውጭ በኤች ዋን ቢ ቪዛ ሲያስመጣ 100,000 ዶላር እንዲከፍል ታዝዟል፡፡ እንዲህ ያሉ ትእዛዞች በፍርድ ቤት ይከራከሩባቸዋል፣ ይለወጣሉም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የዕለቱን ሁኔታ ከኤምባሲው ገጽ ማንበብ ግድ ነው፡፡

ሁለተኛው በር፤ ሙያ ሁሉ እኩል አይጓዝም

አንዳንድ ሙያ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዱ አይገባም፡፡ ከሁሉ የማይገባው የእኔው ሙያ ነው፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፡፡ በአማርኛ የተማርነው ያ ሕግ ቶሮንቶ ላይ የሚፈታው ክርክር የለም፡፡ ካናዳ ውስጥ የውጭ አገር የሕግ ዲግሪን የሚመዝነው ብሔራዊ ኮሚቴ ተጨማሪ ፈተና ወይም ትምህርት ያዛል፤ ከዚያ በኋላም የክፍለ ግዛቱ የጠበቆች ፈተናና የተግባር ልምምድ ይቀራል፡፡ የሕግ ባለሙያ ሲሄድ የሚሸጠው ዕውቀቱን ሳይሆን የማንበብና የመጻፍ ችሎታውን ነው ብሎ ማሰብ ይሻለዋል፤ በሕግ አክባሪነት ቁጥጥርና በውል አስተዳደር ዙሪያ ፈቃድ የማይጠይቁ ሥራዎች አሉ፡፡

ሐኪምና ነርስ በሁሉም ቦታ ይፈለጋሉ፤ በሁሉም ቦታ ግን በፈተና ያልፋሉ፡፡ ነርስ በአሜሪካም በካናዳም ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና ታልፋለች፡፡ በእንግሊዝ መጀመሪያ በኮምፒዩተር፣ ቀጥሎ በተግባር ትፈተናለች፡፡ ጀርመን ውስጥ ሐኪም ለመሆን ከዕለት ተዕለት ጀርመንኛ በላይ የሕክምና ቋንቋ ፈተና አለ፡፡ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላወቀው አንድ ነገር ልጨምር፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የምልመላ ሥነ ምግባር ደንብ ተከትሎ የጤና ባለሙያ እጥረት የከፋባቸውን አገሮች በዝርዝር ያስቀምጣል፤ በ2023 ከወጣው የ55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች፡፡ የእንግሊዝ ቀጣሪዎችና ወኪሎቻቸው ከእነዚህ አገሮች ሄደው መመልመል አይፈቀድላቸውም፡፡ ባለሙያው በራሱ ተነሳሽነት ማመልከት ግን ይችላል፡፡ እንግዲህ "የለንደን ሆስፒታል ነርስ እንድንመለምል ልኮናል" የሚል ቢሮ ሲያጋጥም ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ፡፡

መሐንዲስ መካከለኛ ቦታ ላይ ነው፡፡ በካናዳ በራሱ ፊርማ ሥራ ለማጽደቅ የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር ሆኖ ለመሥራት ግን አያስፈልገውም፡፡ የኦንታሪዮ መሐንዲሶች ተቆጣጣሪ አካል ለብዙዎች እንቅፋት የነበረውን "የካናዳ የሥራ ልምድ" መስፈርት በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. አንስቶታል፡፡ ከጥር 2026 ጀምሮም በኦንታሪዮ ቀጣሪዎች በሥራ ማስታወቂያቸው ላይ የካናዳ ልምድ እንዲጠይቁ አይፈቀድላቸውም፡፡ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሆኖም ማስታወቂያ ላይ መጻፍ ተከለከለ ማለት ከቀጣሪው ልብ ጠፋ ማለት አይደለም፡፡

ሒሳብ ሠራተኛ አዲስ አበባ ተቀምጦ ኤሲሲኤ ቢጨርስ ከዲግሪው ይልቅ ያ ወረቀት ቀድሞ ይታወቅለታል፡፡ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባለሙያ የሁለተኛው በር ችግር የለበትም፤ የሚመዘነው ሠርቶ ባሳየው ነው፤ ውድድሩ ግን ከዓለም ሁሉ ጋር ነው፡፡ መምህር በየክፍለ ግዛቱና በየስቴቱ ፈቃድ ይጠየቃል፡፡ በካናዳ በጠቅላላው ከአምስት ሥራ አንዱ ገደማ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፡፡ የእርስዎ ሙያ ከዚያ አንዱ መሆን አለመሆኑን ማወቅ የግማሽ ቀን ንባብ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፡፡

ገቢውን በብር፣ ወጪውን በዝምታ

ሦስተኛው በር ላይ ስንደርስ የስሌቱ ስህተት ይመጣል፡፡ ሰዎች የውጭ አገር ደመወዝ ሲሰሙ ወዲያው በብር ያባዙታል፤ የቤት ኪራዩን ግን ማንም አያባዛውም፡፡ አንድ ምሳሌ እንውሰድ፡፡ በኦንታሪዮ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 17.60 የካናዳ ዶላር ነው፡፡ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በሳምንት 704፣ በወር 3,050 ዶላር ገደማ ያገኛል፤ ይህ ግብር ሳይቆረጥ ነው፡፡ ቶሮንቶ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ኪራይ ከዚህ ከግማሽ በላይ ይወስዳል፡፡ ግብር፣ ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ የልጅ መዋያ ሲጨመር ለአዲስ አበባ ቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ራስዎ ይደምሩት፡፡

ዝቅተኛውን ክፍያ ለምሳሌ የወሰድኩት ሰው ለማስደንገጥ አይደለም፡፡ ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ባለሙያ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ነው፤ መጋዘን፣ ታክሲ፣ ጥበቃ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፡፡ እነዚህ ክቡር ሥራዎች ናቸው፡፡ አደጋው ሥራው ላይ ሳይሆን ጊዜው ላይ ነው፡፡ ለስድስት ወር ተብሎ የተገባበት ሥራ ኪራይ ይከፍላል፣ ገንዘብ ያስልካል፤ ለፈተና የሚጠናበትን ሌሊት ግን ይበላል፡፡ ከሙያው አምስት ዓመት የራቀ ነርስ ወይም ሐኪም ደግሞ ለተቆጣጣሪው አካል ከበፊቱ ይልቅ አጠራጣሪ ይሆናል፤ ብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ልምድ ይጠይቃሉና፡፡ የሙያ ፈቃዱ ጉዳይ ከመሄድ በፊት እዚሁ መጀመር አለበት የምለው ለዚህ ነው፡፡ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፡፡

የቤቴሎቹ ባልና ሚስት

ቤቴል አካባቢ የሚኖሩ የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ፡፡ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልምድ ያላት ነርስ ናት፤ እሱ ሲቪል መሐንዲስ ነው፤ አንድ ልጅ አላቸው፡፡ ሚኪሊላንድ ያለውን ኮንዶሚኒየማቸውን ሸጠው ለአንድ ቢሮ ሊከፍሉ ሲሉ ውሉን አመጡልኝ፡፡ ሦስት ገጽ ነው፡፡ "ሥራ" የሚለው ቃል በማስታወቂያው ላይ አራት ጊዜ አለ፤ በውሉ ላይ ግን አንድም ቦታ የለም፡፡ ውሉ የሚለው "የማመልከቻ ድጋፍ አገልግሎት" ነው፤ የተከፈለ ገንዘብ በማናቸውም ምክንያት አይመለስም ይላል፡፡ ቢሮው ውል አያፈርስም፣ ማንንም አላታለለም፤ ፎርም ለመሙላት ቃል ገብቷል፣ ፎርም ይሞላል፡፡ ባልና ሚስቱ የገዙ የመሰላቸውና የተሸጠላቸው ነገር የተለያየ ነው፡፡

ቁጭ ብለን አሰላን፡፡ ለሦስት ሰው ቤተሰብ ካናዳ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. የጠየቀችው የመቋቋሚያ ገንዘብ 23,360 የካናዳ ዶላር ነው፤ ይህ ገንዘብ ለመንግሥት የሚከፈል ሳይሆን በእጅ መኖሩ የሚታይ ነው፤ ከሰው የተበደሩት አይሆንም፡፡ ቤቱን ሸጠው ለቢሮው ቢከፍሉ የሚጎድላቸው ይኸው ገንዘብ ነበር፡፡ ቀጥሎ ዋና አመልካች ማን ይሁን አልን፡፡ ቤት ውስጥ እንደ ልማድ ታስቦ የነበረው ባልየው ነው፡፡ ካናዳ ግን ለጤና ባለሙያ የተለየ ጥሪ ታደርጋለች፤ የእሷ እንግሊዝኛም ይሻላል፡፡ ስለዚህ መሪዋ እሷ መሆን አለባት፡፡ ይህን መቀበል ለባልየው ቀላል አልነበረም፤ ለሁለት ሳምንት አልጠራኝም፡፡ በመጨረሻ ቤቱ አልተሸጠም፤ እሷ ለአይኤልትስ ተመዘገበች፣ እሱም የፈቃድ መስፈርቱን ማንበብ ጀመረ፡፡ ይሄዱ ይሆናል፣ ይቀሩም ይሆናል፡፡ ከሄዱ ግን ለምን እንደሚሄዱ ያውቃሉ፤ ከቀሩም ቤታቸው አለ፡፡

ከመፈረም በፊት

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፡፡ የትምህርት ማስረጃን ለካናዳ የሚመዝኑት ድርጅቶች ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ፡፡ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳያጠናቅቅ ኦፊሴላዊ ማስረጃ ማግኘት ይቸግረዋል፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ኤምባሲ ሳይሆን ወደ ሬጅስትራር ነው፡፡ የቋንቋ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት፣ የትምህርት ምዘናው አምስት ዓመት ነው፤ ቅደም ተከተሉን አለማወቅ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፡፡

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ "ትንሽ ጨምርበት" የሚል ምክር በሰፈራችን እንደ ዘዴ ይቆጠራል፡፡ በካናዳ ሕግ ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ለአምስት ዓመት አገሪቱ ውስጥ እንዳይገባ ይታገዳል፡፡ ፎርሙን የሞላው ደላላ ቢሆንም የሚታገደው ስሙ ያለበት ነው፡፡ ለካናዳ ማመልከቻ ገንዘብ ተቀብሎ መወከል የሚችለውም በዚያ አገር ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የኢሚግሬሽን አማካሪ ብቻ ነው፤ ፈቃዱን በተቆጣጣሪው ድረ ገጽ በስም ፈልጎ ማየት ይቻላል፡፡ እንግሊዝም ሠራተኛ ማስመጣት የተፈቀደላቸውን ቀጣሪዎች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጋለች፡፡

በኤጀንሲ አማካይነት ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሚሄደውን በሚመለከት የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል፡፡ በ923 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ወጪ የቀጣሪው ነው፡፡ ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት ያሉትን ነው፡፡ የቪዛ ገንዘብ ከሠራተኛው የሚጠይቅ ኤጀንሲ ሕግ እየጣሰ ነው፡፡

የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ይደነግጋል፤ "እኔ ቀድሜ ልሂድ፣ አንቺ በኋላ ፈርሚ" የሚባል ነገር የለም፡፡ ሲሄዱ ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና መስጠት የተለመደ ነው፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፡፡ ሕጉ ይህን ያደረገው ባለቤቱን ለመጠበቅ ነውና፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ወረፋ ላይ ቆመው "ሁሉንም ጨምሩበት" አይበሉ፡፡ ቤቱ እንዲከራይ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ለማከራየት ብቻ ይወክሉ፡፡

የግል ድርጅት ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ፤ አምስት ዓመት ያገለገለና የሥልጠና ግዴታ የሌለበት በፈቃዱ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፡፡ በቀጣሪው ወጪ የተማረ ግን በመጀመሪያ የፈረመውን የአገልግሎት ግዴታ ያንብብ፡፡ ስለ ዜግነትም የሚጠይቁኝ አሉ፡፡ የካናዳ ቋሚ ነዋሪ መሆን ኢትዮጵያዊነትን አያሳጣም፤ በፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት መውሰድ ግን በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ያሳጣል፡፡ ከዚያ በኋላ የሚኖረው መብት ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ መብት ነው፡፡

ከኋላኛው በር ጀምሩ

እንዴት ይመዘን ለሚለኝ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፡፡ ብዙው ሰው ከቪዛው ይጀምርና ሥራውን "እዚያ ስንደርስ" ይለዋል፡፡ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ይታይ፡፡ በመጀመሪያ ሊኖሩበት ባሰቡት ከተማ ለሙያዎ የወጡ ሃያ የሥራ ማስታወቂያዎችን ያንብቡ፤ አገር ሳይሆን ከተማ ነው የምለው፡፡ የሚጠይቁት ምንድን ነው? ምን ይከፍላሉ? ሃያ ማስታወቂያ ካላገኙ ይህም ራሱ መልስ ነው፡፡ ቀጥሎ የሙያው ተቆጣጣሪ አካል ምን ፈተና፣ ስንት ገንዘብ፣ ስንት ጊዜ እንደሚጠይቅ ይጻፉ፤ ከዚህ ሆኖ የሚያልቀውን ከዚህ ይጨርሱ፡፡ ቪዛው ሦስተኛ ይምጣ፡፡ በዚህ መንገድ የሚወጣው ገንዘብ የቋንቋ ፈተናና የማስረጃ ምዘና ክፍያ ነው፤ ጉዞው ባይሳካም ዕውቀቱ አብሮ ይቀራል፡፡ ቤት የተሸጠበት ጉዞ ሳይሳካ ሲቀር ግን የሚቀር ነገር የለም፡፡

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ "እሄዳለሁ" የሚል ሰው ካለ በሙሉ ልቤ መንገዱን ያቅናለት እላለሁ፡፡ "ለሁለት ዓመት ቆይቼ፣ ፈተናውን ጨርሼ እሄዳለሁ" የሚል ሲመጣ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ እሱ ይደርሳል የሚል ግምት አለኝ፡፡ "ብቻ ልውጣ" ለሚለኝ ግን ከላይ ያነሳሁትን ጥያቄ ደግሜ አቀርብለታለሁ፤ እዚያ ስትደርስ በማን ፈቃድ፣ ምን ሠርተህ ትኖራለህ? ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻለ፣ ቤቱን ለመሸጥ ገና ነው፡፡